ጎሹ የሚቀመጥበት ወንበር

ልጄ ሩሃማ በጥቅምት ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ በውሃ ርሳ ገባች። ዝናብ አልነበረም። በቀኝ በኩል የነበረው ሹሩባዋ ከሥሩ ተቆርጧል። "ታድግበታለች" ብዬ አስረዝሜ የሰፋሁት የዩኒፎርሟ እጅጌ ጣቶቿን አልፎ ውሃ ያንጠባጥባል። "ማነው?" አልኳት። ዝም። "ምን አደረጉሽ?" ዝም። ልብሷን ቀይሬ፣ አልጋ ላይ ጠቅልዬ፣ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋት። ሻዩን ይዛ ግድግዳውን ስታይ መሸ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አፏን ለጎመች። ሩሃማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ ስትለፈልፍ የኖረች፣ "እስቲ ትንሽ አሳርፊኝ" እያልኩ የምለምናት ልጅ ነበረች። አሁን ውሃ እንኳ ሲጠማት በጣቷ ነው የምታሳየኝ። ፍራሿን ታረጥብ ጀመር። ከአጥራችን ጀርባ ባለው የውሃ ቦኖ በኩል ማለፍ ትታ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዙሪያ ጥምጥም፣ በባጃጆቹ ማዞሪያ በኩል ሆነ።

ማን እንዳደረገው ለመጠርጠር ጠንቋይ ቤት አያስኬድም። የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ግን ዲላ ውስጥ፣ በተለይ እንደኛ ባለ አሮጌ ሰፈር፣ "ልጅሽ ልጄን ነካብኝ" ብሎ በር ማንኳኳት ቀላል ነገር አይደለም። ፊት ለፊታችን ያለችው የሮሆቦት እናት አራስ ሳለሁ ገንፎ አገንፍታ በእጇ ያበላችኝ ናት። የሀምዲያ አባት ሰይድ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሱቁ ጄነሬተር ገመድ ስቦ ሥራዬን ያስጨርሰኛል። የአሌክስ አባት ከባሌ ከሰብስቤ ጋር በአንድ የቡና መኪና ይሠራል፤ የቡና ሰሞን ሲሆን ሁለቱም ይርጋጨፌ ነው የሚያድሩት። ታዲያ የማንን በር ላንኳኳ? በረንዳዬ ላይ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተቀምጬ የሰው ልጅ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ቆሽቴ አረረ።

እስክንድር ነው መላ ያመጣው። የኋላ ክፍላችንን ተከራይቶ የሚኖር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሳይኮሎጂ የሚያስተምር የደሴ ልጅ ነው። ሲናገር እጁ ከአፉ ይቀድማል፤ ልቡ ግን ወርቅ ነው።

"እትዬ አትጠገብ፣ አንድ ልጅ ነጥለን 'አንተ ነህ' ካልን ሁሉም ይዘጋብናል" አለኝ። "በግሩፕ ነው መሥራት ያለብን። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች እዚህ ግቢ እንሰብስብና አክቲቪቲ እንፍጠርላቸው። ስለ ጉልበተኝነት እየተጫወቱ ይማሩ።"

እኔ የታየኝ አክቲቪቲ ጆሮ መቆንጠጥ ብቻ ነበር። ግን ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? እሺ አልኩ።

እናቶቹ ልጆቻቸውን የሚረከብላቸው ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው ላኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንጣፍ አነጠፍን፤ ስኳር ድንች ቀቀልኩ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሩሃማ እኔ እግር ሥር፣ ከስፌት መኪናው ጎን ኩርምት አለች። እስክንድር ሕግ አወጣ። በዚህ ክብ ውስጥ ማንም የማንንም ስም አይጠራም። እንዲህ ተደረግሁ፣ እንዲህ አደረገኝ የለም። በምትኩ ሁላችን አንድ ልጅ እንፈጥራለን፤ የሚሆነው ነገር ሁሉ በእሱ ላይ ይሆናል፤ ከዚያ እንዴት እንደምንረዳው እንነጋገራለን።

"ስሙ ማን ይሁን?" አላቸው። "በሰፈሩ ማንም የሌለው ስም መሆን አለበት። ማንም ወላጅ 'የእኔን ልጅ ነው' ብሎ እንዳይቀየም።"

"ጎሹ" አለች ሮሆቦት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁመቷም ድምፅዋም ከሁሉም ይበልጣል።

"የሽማግሌ ስም!" አለ አሌክስ፤ ሁሉም ሳቁ። ጎሹ ተባለ። እስክንድር አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር፣ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች የሚቀመጡበትን ዓይነት፣ ይዞ መጥቶ ክቡ ውስጥ አስቀመጠ። የጎሹ ቦታ ነው አላቸው። እውነቴን ነው፣ ብልሃቱን ወደድኩት። ማንንም ሳላስቀይም ልጄን ላድን ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ "ጎሹ በዚህ ሳምንት ምን ደረሰበት?" ሲል ጠየቀ። ልጆቹ ተያዩ።

"ቦኖው ጋ ያዙት" አለች ሮሆቦት ቀስ ብላ። "ጀሪካን ሙሉ ውሃ ደፉበት።"

"እጅጌው በጣም ረጅም ነው" አለ አሌክስ። "እጁን ማውጣት አቅቶት እንደ ዶሮ ክንፉን ሲያራግብ ነበር።"

ልጆቹ ሳቁ። ሀምዲያ አንገቷን እንደደፋች "ፀጉሩንም ቆረጡት" አለች። የሀምዲያ ድምፅ ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

እግሬ ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ። እስክንድር በዓይኑ "ታገሺ" አለኝ። "ጎሹ ምን ተሰማው?" ብሎ ጠየቃቸው። ፈራ። አለቀሰ። ቤቱ መሄድ ፈለገ። "ምን ልናደርግለት ይገባ ነበር?" አዋቂ መጥራት። ተው ማለት። ከጎኑ መቆም። እንደ መዝሙር ጥናት በቃላቸው ተወጡት። ያኔ ነው እግሬ ሥር ካለችው ልጄ ድምፅ የሰማሁት። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዋ ቃል ነበረች።

"በርዶታል" አለች ሩሃማ፣ ባዶውን ወንበር እያየች።

የምሰፋውን ጨርቅ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ማታ እራቷን ጠግባ በላች። በማግሥቱ ፍራሹ ደረቅ ነበር። ሰኞ በቦኖው በኩል አድርጋ፣ ከሮሆቦት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ከዚያ በኋላ ማንም በክፉ አልነካትም። አልዋሽም፣ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጎሹ ከግቢያችን የወጣው መቼ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን ልብስ ላሰጣ ስወጣ ልጆቹ ቦኖው አጠገብ ባለው የግንብ ጥግ ላይ በኩባያ ውሃ ይረጫሉ። ጥጉ ላይ ማንም የለም።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ጎሹ ነው" አሉኝ፤ ጥያቄዬ ሞኝነት እንደሆነ ሁሉ።

ከዚያ በኋላ በየቦታው አየሁት፤ እሱን ሳይሆን የሚያደርጉበትን። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ዳር ያለ ባዶ ቦታ ላይ ጠጠር ይወረውራሉ። የጋራ ሽንት ቤቱን በር ከውጭ በእንጨት ይሸጉሩና በሳቅ እየፈነዱ ይሮጣሉ። ዳቦ ይቆርሱና መሬት ላይ ጥለው "ብላ! ብላ!" ይላሉ። ለእስክንድር ነገርኩት።

"ኢማጂኔሽን ነው እኮ እትዬ አትጠገብ" አለኝ። "እርስ በርስ መደባደብ አቁመዋል አይደል? በሰው ልጅ ላይ ከሚያወርዱት በባዶ ቦታ ላይ ቢያወርዱት አይሻልም?"

አቁመዋል። እውነት ነው። እናቶቹ እስክንድርን መንገድ ላይ ሲያገኙት እየመረቁት ነበር። ከቀበሌ የመጣች አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ፕሮግራሙን ወናጎ ከተማም ወስዳችሁ አሳዩ ብላ ሄደች። እኔም ዝም አልኩ። የእኔ ልጅ ደርቃ ነው የምታድረው።

ግን ወንበሩን ማንም አይነካውም ነበር። ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ እንኳ ዞረውት ነው የሚሮጡት። በታኅሣሥ፣ አቧራው ጣራ ላይ በሚቆምበት ደረቅ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ያለውን ያን ወንበር ሳየው መቀመጫው ላይ ውሃ አቁሯል። ጣራው አያፈስም፤ ዝናብም የለም። በጨርቅ አደረቅኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ እንደገና አቁሯል። ውሃው ከጉድጓድ እንደተቀዳ ይበርዳል።

ሳሙና ልገዛ ሰይድ ሱቅ ስሄድ ሀምዲያ ብቻዋን ስኳር እየመዘነች አገኘኋት። እንደ ቀልድ አድርጌ "ጎሹ ግን ምን ይመስላል?" አልኳት።

ከሚዛኑ ቀና ሳትል "ይንቀጠቀጣል" አለችኝ። "የፊት ጥርሱ ትንሽ ተሸርፏል። ከላይኛው ነው። ዓይኑን ከእግሩ አያነሳም።"

ስመለስ አሌክስን መንገድ ላይ አግኝቼ ስለ ጥርሱ ጠየቅኩት። ጣቱን ወደ አፉ አስገብቶ የላይኛውን፣ ያንኑ ጥርስ ነካ።

"ማን ነገራችሁ?"

"ማንም" አለኝ። "እናየዋለን እኮ።"

ይህን ሁሉ እንኳ ችዬ ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ እየተኮስኩ ከቤቱ ጀርባ የሩሃማ ድምፅ ተሰማኝ። ዝቅ ያለ፣ የረጋ፣ የእሷ የማይመስል ድምፅ ነው። "እጅህን አውጣ። እጅህን አውጣ አልኩህ። እማዬ እያልክ አታልቅስ፣ እማዬ አትመጣም።" ዞሬ ስደርስ ብቻዋን ቆማለች። በእጇ የክር መቀሴን ይዛለች። እግሯ ሥር፣ ቀዩ አፈር ላይ፣ ጥቂት ጥቁር ፀጉር ወድቋል። ራሷን በሁለት እጄ ዳበስኩት፤ የጎደለ የለም።

"የማን ፀጉር ነው?"

"የጎሹ ነዋ" አለችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ነው። እንደ ጠገበ ሰው ደስታ። መቀሱን ከእጇ ተቀበልኩ። ልጄን ካስለቀሷት ልጆች አድናለሁ ብዬ የተነሳሁት ሴትዮ፣ አሁን ልጄን ከራሷ እንዴት እንደማድን አላወቅኩም።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ከቡሌ ደጋ በኩል ጭጋግ ወርዶ ነበር። ከውይይቱ በኋላ ልጆቹ ከቤታችን ጀርባ ባለው የእንሰት ጓሮ ድብብቆሽ ያዙ። አሌክስ ዓይኑን ሸፍኖ "አኩኩሉ!" ይላል፤ "አልነጋም!" ይሉታል ከየእንሰቱ ሥር። እንደገና "አኩኩሉ!" "አልነጋም!" በመጨረሻ "ነጋ!" አሉት፤ አንድ በአንድ ፈልጎ አወጣቸውና ሁሉም በረንዳው ላይ መጥተው ውሃ ጠጡ። እስክንድርም እኔም ነበርን። አሌክስ አፉን በእጅጌው እየጠረገ ለጨዋታ ያህል ወደ ጓሮው ዞሮ "አኩኩሉ!" አለ።

"አልነጋም" አለ አንድ ድምፅ ከእንሰቱ መሃል።

ቀጭን ነው፤ የደከመው ድምፅ ነው። ልጆቹን በዓይኔ ቆጠርኩ። ሁሉም ፊቴ ናቸው። ሁሉም እየሳቁ ነው።

"ረስተነው!" አለች ሮሆቦት። "ተዉት፣ እዚያው ይቆይ። ማንም እንዳይፈልገው።"

"ማንም እንዳይፈልገው" አለች ልጄ፣ እሷም እየሳቀች።

እስክንድር ፊቱ ዐመድ መሰለ። "የጎረቤት ልጅ ይሆናል" ብሎ የስልኩን መብራት አብርቶ ወደ እንሰቱ ገባ። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ፣ አንድ ጊዜ ሲያስነጥስ ሰማሁት። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። ምን እንዳየ ጠየቅኩት፤ "ምንም" አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስለ ኢማጂኔሽን አውርቶልኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጎረቤቴ አቶ ጂግሶ አጥሩ ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ። ከማዘጋጃ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ማታ ማታ ከአቮካዶ ዛፋቸው ጋር የሚነታረኩ ሽማግሌ ናቸው።

"አትጠገብ" አሉኝ፣ "ይሄ ልጅ የማን ልጅ ነው?"

"የቱ ልጅ?"

"ይሄ ሁሉም የሚመታው።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ለትምህርት ብለን የፈጠርነው ነው፣ ማንም ወላጅ እንዳይቀየም ብለን ነው፣ የማንም ልጅ አይደለም አልኳቸው።

"እኛ ልጅ ሆነን ሰው ስንመታ" አሉ፣ "ለምን ነበር የምናቆመው? እናቱ ትመጣለች ብለን ነው። አባቱ ይመጣል ብለን ነው። ለዚህ ማን ይመጣል?"

ተናደድኩባቸው። ቤቴ ገብቼ በሩን ጠርቅሜ ዘጋሁ። ንዴቴ ሲበርድ የቀረልኝ ጥያቄያቸው ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

እስክንድርም ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብ ከርሞ አንድ ነገር ወሰነ። ጎሹን እንሸኘዋለን አለኝ። ፈጥረነዋል፣ በሥርዓት እናሰናብተዋለን። ቅዳሜ ብስኩት ገዝቶ መጣ። ልጆቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ፈገግ ለማለት እየሞከረ የጎሹ አባት ዱመርሶ ቡና ማጠቢያ ሥራ እንዳገኘ፣ ቤተሰቡ ወደዚያ እንደሄደ፣ ጎሹም እንደተሰናበታቸው ነገራቸው። የስንብት መዝሙር አዘመራቸው። ድምፃቸው ከአፋቸው ብቻ ነበር የሚወጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን አነሳ።

"አልሄደም" አለች ሩሃማ።

"ሩሃምዬ፣ አሁን እኮ—"

"አልሄደም። አስቀምጠው።" የወንበሩን እግር በሁለት እጇ ያዘች። መንጋጋዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከውሃ ውስጥ እንደወጣች ያየኋት የዚያን ቀን ፊት ተመልሶ መጥቷል። እስክንድር ቀስ አድርጎ ከእጇ ሊያስለቅቅ ሞከረ።

ያኔ የልጆቹን ዓይን አየሁ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ወንበሩን ነበር የሚያዩት። ወንበሩ ከመሬት ሲነሳ የሮሆቦት ዓይን ከእሱ ተነሥቶ ልጄ ላይ አረፈ። ቀጥሎ የአሌክስ። ቀጥሎ የሀምዲያ። ማንም ለማንም ምልክት አልሰጠም። ዝም ብለው ሁሉም እሷን አዩአት፤ አሌክስ ምራቁን ዋጠ።

"እሱ ከሄደ ተራው የእኔ ነው" አለች ሩሃማ።

የስፌት መኪናዬን ትቼ ተነሳሁ። ወንበሩን ከእስክንድር እጅ ተቀብዬ ቦታው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ተቀመጥኩበት። ለትልቅ ሰው የተሠራ አይደለም፤ ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ።

"እትዬ፣ ተነሺ" አለችኝ ሀምዲያ በዚያች ትንሽ ድምፅዋ። "ላዩ ላይ ነሽ።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

ከሥሬ ውሃው ቀሚሴን አልፎ ገባ። ቅዝቃዜው አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ መጣ፤ ልጅ እየፈራ ሰው ጭን ላይ ሲወጣ እንደሚሆነው፣ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ። ወደ ታች አላየሁም። ለማየት ወኔ አልነበረኝም። ሁለት እጄን ብቻ ከፊቴ አጋጠምኩ፤ ልጅ እንደሚታቀፍ።

"ጎሹ የእኔ ልጅ ነው" አልኳቸው። "እናቱ እኔ ነኝ። የምትሉትን አሁን በሉት። የምታደርጉትን እኔ እያየሁ አድርጉት።"

ሮሆቦት ልትስቅ ሞከረች፤ ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። አሌክስ እግሩን ማየት ጀመረ።

"ማነው ቦኖው ጋ ውሃ የደፋበት?" አልኩ።

"እትዬ አትጠገብ፣ ስም አንጠራም ተባብለን—" አለ እስክንድር።

"አንተ አሁን ዝም በል።"

የግቢው በር ተከፈተ። የሮሆቦት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነገሩን በሳቅ ሸፋፍኜ "ነይ ግቢ፣ ምን እየጠበቅሽ ነው" እላት ነበር። አሁን ግን ዓይኗን እያየሁ ያንኑ ጥያቄ ደገምኩት። "ማነው ውሃ የደፋበት?"

"እያለቀሰ ነው" አለች ሀምዲያ፣ እቅፌን እያየች። እሷም ማልቀስ ጀመረች።

"እሱ አይደለም" አለች ሩሃማ። ድምፅዋ ጠፍቶ ተመለሰ። "እሱን አይደለም። እኔን ነው። ሮሆቦት እጄን በእጅጌዬ አሰረችኝ። አሌክስ ደፋብኝ። ሀምዲያ ከሱቅ መቀስ አመጣች፤ ሮሆቦት ቆረጠችኝ። አለቀስኩ። ግንቡ ላይ ገፉኝ፤ ጥርሴን ያመኛል እስከ አሁን።"

አፏን ከፍታ አሳየችን። የላይኛው ነው። ትንሽ ተሸርፏል። እናቷ ነኝ፤ በየቀኑ እያበላኋት አላየሁትም ነበር።

የሮሆቦት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሮሆቦት ወደ እናቷ አልሮጠችም፤ ባለችበት ቁጭ ብላ ፊቷን በጉልበቷ ሸፈነች። አልካደችም። እስክንድር የያዘው የብስኩት ከረጢት በእጁ እየተንኮሻኮሸ ነበር።

"ከዚያስ?" አልኳት ልጄን። "ከዚያስ ምን ሆንሽ? ሁሉንም ንገሪኝ።"

ሩሃማ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጠራሁሽ" አለችኝ። "አጥሩ ጀርባ ነበርኩ። የመኪናሽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። እማዬ ብዬ ጮህኩ። መኪናው ቆመ። ሰማችኝ ብዬ ዝም አልኩ፤ እነሱም ፈርተው ለቀቁኝ። ጠበቅንሽ። ከዚያ መኪናው እንደገና ጀመረ።"

ክር ቀይሬ ይሆናል። መርፌ ተሰብሮብኝ ይሆናል። አላስታውስም።

"ነይ" አልኳት ብቻ።

መጣች። የተጋጠሙትን እጆቼን አይታ አንድ ጊዜ ቆም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይጫን እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ጠጋ አስብላ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። የትንሿ ወንበር እግሮች ከሥሬ ተለመጡ። የአንድ ልጅ ክብደት አልነበረም። የሁለት ነበር፤ አንዱ ይሞቃል፣ አንዱ ይበርዳል፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። ጨለማ ሲይዝ እስክንድር መጥቶ ሊያነሳኝ እጁን ዘረጋልኝ። እግሬ ደንዝዞ ነበር፤ ቢሆንም አልተነሳሁም።